ጭምትነት እንደ ጉድለት ሲነበብ፦ የሺኖ አቡራሜ ስብእና እና ንዑሳን ገጸ ባሕርያትን የምንመዝንበት መስፈርት

በሥነ ጽሑፍና በፊልም ሒስ ልማዳችን ጥቂት የሚናገር ገጸ ባሕርይ ጥቂት የሚጠና ገጸ ባሕርይ ነው። ለመመረቂያ ጽሑፍ በቅድሚያ የሚታጨው ዋናው ገጸ ባሕርይ ነው፤ ከንዑሳኑም መካከል ቢሆን የሚለፈልፈው፣ የሚቆጣው ወይም የሚያስቀው ይቀድማል። ዝም የሚለው ግን «ያልዳበረ» ወይም «ዝርግ» ተብሎ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይታለፋል። ይህ ጽሑፍ ያንን ልማድ ይሞግታል። መከራከሪያዬ የንግግር ማነስ በራሱ የስብእና ማነስ ማስረጃ አይደለም የሚል ነው። ማሳያ አድርጌ የወሰድሁት «ናሩቶ» በተሰኘው የጃፓን ተከታታይ የአኒሜሽን ሥራ ውስጥ የሚገኘውን ሺኖ አቡራሜን ነው። ምርጫው ለአንዳንድ አንባቢ ቀልድ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በባሕር ዳርም ሆነ በሌሎች ከተሞቻችን በርካታ ወጣቶች ይህንና መሰል ሥራዎችን በእጅ ስልካቸው እየተከታተሉ አድገዋል፤ ስለ ሰው ጠባይ ያላቸው ግንዛቤም ከተረትና ከልቦለድ ብቻ ሳይሆን ከዚህም ይቀዳል። ስለዚህ ጉዳዩ በሒስ ዓይን ሊታይ ይገባዋል።

ሥራውና ገጸ ባሕርዩ

«ናሩቶ» በማሳሺ ኪሺሞቶ የተደረሰ ማንጋ፣ ማለትም በሥዕል የሚተረክ ተከታታይ ልቦለድ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2014 በጃፓን ሳምንታዊ መጽሔት ላይ በ700 ምዕራፎች ታትሞ በ72 ቅጾች ተሰብስቧል። በስቱዲዮ ፒዬሮ የተዘጋጀው የአኒሜሽን ቅጂ ደግሞ የመጀመሪያው ክፍል ከ2002 እስከ 2007 በ220 ትዕይንቶች፣ «ሺፑደን» የተባለው ተከታዩ ከ2007 እስከ 2017 በ500 ትዕይንቶች ለእይታ በቅቷል። በእነዚህ 720 ትዕይንቶች ውስጥ ሺኖ የሚገባው ከስንት አንዴ ነው። የሚወለደው ከአቡራሜ ቤተ ዘመድ ሲሆን፣ የዚህ ቤተ ዘመድ አባላት ከልጅነታቸው ጀምሮ ሰውነታቸውን ለጥቃቅን ነፍሳት ማደሪያ ያደርጋሉ። ነፍሳቱ ቻክራ የተባለውን የአስተናጋጃቸውን ኃይል ይመገባሉ፤ በምላሹም በውጊያና በስለላ ያገለግሉታል። ሺኖ ዐይኑን በጥቁር መነጽር፣ አፉን በረጅም የልብስ ኮሌታ ሸፍኖ ይታያል። ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ ሳይጠየቅም እምብዛም አይናገርም።

አንድ ዓይነተኛ የአነጋገር ልማድ ግን አለው። አሳቡን ካስቀመጠ በኋላ «ምክንያቱም» ብሎ መነሻውን ያስረዳል። ይህ ልማድ በቀላሉ ሊታለፍ የሚገባው አይደለም። ጥቂት የሚናገር ሰው ንግግሩን ያሳጥራል እንጂ ምክንያት አይደረድርም ብለን እንገምታለን። ሺኖ ግን የሚያጎድለው የንግግሩን ብዛት እንጂ የንግግሩን ሙሉነት አይደለም። አንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ከሚጻፍበት ነገር ሁሉ የሚፈለገው ከዚህ የራቀ አይደለም፤ አሳብን ማቅረብና ማስረጃውን ማስከተል።

አንድ ቡድን፣ ሦስት ጠባይ

ደራሲው ሺኖን ያስቀመጠው በኩሬናይ በምትመራው ስምንተኛው ቡድን ውስጥ ከሁለት እኩዮቹ ጋር ነው፤ ከኪባ ኢኑዙካና ከሂናታ ህዩጋ። ኪባ አፈ ፈጣን፣ ፎካሪና ችኩል ነው። ሂናታ ትንተባተባለች፣ ጣቶቿን እርስ በርስ እያነካካች ታቀረቅራለች፣ የምትፈልገውን ለመናገርም ትፈራለች። ሺኖ ደግሞ ይቆማል፣ ያያል፣ ካስፈለገ ይናገራል። ከሩቅ ሲታዩ ሂናታና ሺኖ ሁለቱም «ዝምተኞች» ናቸው። ከቅርብ ሲጤኑ ግን ዝምታቸው አንድ ዓይነት አይደለም።

በሥነ ልቡና ጥናት ይህ ልዩነት የታወቀ ነው። ቺክና በስ እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት ጥናት ዓይን አፋርነትንና ከሰው ጋር የመሆን ፍላጎትን ለየብቻ መዝነዋቸዋል። ዓይን አፋርነት ሰው ፊት ሲቀርቡ የሚሰማ ጭንቀትና መታሰር ነው፤ ከሰው ጋር የመሆን ፍላጎት ማነስ ግን ምርጫ ነው፤ ሁለተኛው ያለ መጀመሪያው ሊኖር ይችላል። በዚህ መለኪያ ሂናታ የመቅረብ ፍላጎት ያላት፣ ፍርሃት ግን የያዛት ናት። ሺኖ ላይ የፍርሃት ምልክት አይታይም።

አማርኛ ይህንን ልዩነት ከጥናቱ በፊት ያውቀዋል። «ዝምተኛ» ድርጊቱን ብቻ ይገልጻል፤ ስለ ምክንያቱ አይፈርድም። «ዓይን አፋር» ኀፍረትን ይጨምራል። «ቁጥብ» ልክን ማወቅን፣ «ድብቅ» ደግሞ ጥርጣሬን ያመለክታል። «ጭምት» የሚለው ቃል ከሁሉም ይለያል፤ በውስጡ የተሰበሰበ፣ ራሱን የገዛ፣ ሲናገር የሚደመጥ ሰው ማለት ነው፤ ምስጋናም አለበት። እነዚህን አምስት ቃላት ይዘን ሳለ በሴሚናር ወረቀቶቻችን ውስጥ ሁሉንም «ዝምተኛ ገጸ ባሕርይ» በሚል አንድ ስያሜ መጠቅለላችን የቋንቋ ድህነት ሳይሆን የትኩረት ድህነት ነው። በእኔ እምነት ሂናታ ዓይን አፋር፣ ሺኖ ደግሞ ጭምት ነው፤ ልዩነቱም ከቃላት ምርጫ ያለፈ የትንተና ልዩነት ነው።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆነው በቹኒን ፈተና ማጣሪያ ላይ ሺኖ ከዛኩ ጋር ያደረገው ግጥሚያ ነው። ዛኩ ከመዳፉ በሚወጣ የአየር ግፊት የሚዋጋ ነው። ሺኖ አስቀድሞ ተጋጣሚው ራሱን ከውድድሩ እንዲያገል ይመክረዋል። ምክሩ ሳይሰማ ሲቀር ነፍሳቱ የዛኩን የመዳፍ ቀዳዳዎች ደፍነዋቸው ስለነበር ግፊቱ በራሱ ክንድ ላይ ይፈነዳል። የሺኖ ዝምታ እዚህ ላይ ባዶ ጊዜ አልነበረም፤ ሥራ የሚሠራበት ጊዜ ነበር። የተናገረውም በትክክለኛው ቦታ ነው፤ ከጉዳቱ በፊት። ዓይን አፋር ሰው በዚያ ቅጽበት ለማስጠንቀቅ አንደበቱ ይያዛል፤ ድብቅ ሰው ደግሞ ማስጠንቀቅ አይፈልግም። ጭምቱ ግን ያስጠነቅቃል፤ ከዚያም ያለ ፉከራ የጀመረውን ይፈጽማል።

የተሸፈነ ፊት

በአኒሜሽን ስብእናን ለማሳየት ከሁሉ የቀረበው መሣሪያ ዐይን ነው። የጃፓን አኒሜሽን በተለይ በትልልቅ ዐይኖቹ ይታወቃል። እኛም ለዚህ እንግዶች አይደለንም። ከባሕር ዳር በጀልባ ወደ ዘጌ ተሻግሮ የኡራ ኪዳነ ምሕረትን የመቅደስ ግድግዳ ያየ ሰው ታሪክ በተከታታይ ሥዕል ሲተረክ ተመልክቷል። በዚህ የአሣሣል ትውፊት በአብዛኛው ቅዱሳኑ ሁለት ዐይናቸው እየታየ በሙሉ ገጽ፣ እኩያኑ ግን በጎን አንድ ዐይናቸው ብቻ እየታየ ይሣላሉ። ተመልካቹ አንድም ቃል ሳያነብ ማን ወዴት እንደሚመደብ ከዐይኑ ያውቃል።

ሺኖን በዚህ ልማድ ያነበበው ሰው ይቸገራል። አንድም ዐይን አይታይም፤ አፉም ቢሆን አይታይም። የትውፊቱን ቁልፍ ስንነጠቅ ሰውየውን ማንበብ የምንችለው በሥራው፣ በሚቆምበት ቦታና በሚናገርበት ጊዜ ብቻ ይሆናል። ይህ የተመልካቹን ሥራ ያከብዳል፤ ነገር ግን ያከብደዋል ማለት ገጸ ባሕርዩ ባዶ ነው ማለት አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። የጃፓን ቴሌቪዥን አኒሜሽን እ.ኤ.አ. በ1963 ኦሳሙ ቴዙካ ካቀረበው «አስትሮ ቦይ» ጀምሮ የሥዕሎችን ቁጥር በመቀነስ ወጪ የመቆጠብ ልማድ አለው። የተሸፈነ አፍ ከንግግሩ ጋር እየተጣጣመ መንቀሳቀስ አያስፈልገውም፤ የተሸፈነ ዐይንም አይርገበገብም። ታዲያ የሺኖ ጭምትነት የበጀት ውጤት እንጂ የስብእና ውጤት ላለመሆኑ ምን ማረጋገጫ አለ? መልሱ በሥራው ታሪክ ውስጥ ይገኛል። ሺኖ የተፈጠረው በአኒሜሽን ሳይሆን በወረቀት ላይ፣ በማንጋው ነው። በወረቀት ላይ ንግግር የከንፈር እንቅስቃሴ አይጠይቅም፤ ፊትን መሸፈንም ከአኒሜሽን ወጪ ጋር ግንኙነት የለውም። ስለዚህ መነጽሩና ኮሌታው ደራሲው አስቦ የመረጣቸው የስብእና ምልክቶች ናቸው። አዘጋጆቹ በኋላ በዚህ ምክንያት ድካም ቀንሶላቸው ከሆነ ያ ትርፍ እንጂ መነሻ አይደለም።

ዝርግ ወይስ ክብ?

ኢ. ኤም. ፎርስተር እ.ኤ.አ. በ1927 ባሳተመው የልቦለድ ጥናት ገጸ ባሕርያትን ዝርግና ክብ ብሎ መክፈሉ በእኛም የሥነ ጽሑፍ ትምህርት ውስጥ ሥር የሰደደ ነው። ዝርጉ በአንድ አሳብ ዙሪያ የተሠራ ነው፤ በመጣ ቁጥርም በቀላሉ ይታወቃል። ክቡ ደግሞ በሚያሳምን መንገድ ሊያስገርመን ይችላል። ሺኖ በላይ በላዩ ሲታይ ዝርግ ነው፤ መነጽር፣ ኮሌታ፣ ነፍሳት። ይሁን እንጂ ሥራው ራሱ ይህን ፍርድ የሚያፈርስ አንድ አጋጣሚ አስቀምጧል።

በ«ሺፑደን» መጀመሪያ ላይ ናሩቶ ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ ወደ መንደሩ ይመለሳል። ሺኖን መንገድ ላይ ያገኘዋል፤ ግን አያውቀውም። ትንሽ ቆይቶ የመጣውን ኪባን ግን ወዲያው ያውቀዋል። ሺኖ ቅር ይለዋል፤ ቅሬታውንም አይደብቅም። ቀደም ሲል ጓደኞቹ ሳሱኬን ለመመለስ ሲዘምቱ እርሱ አለመጠራቱም እንደ ቆየ ቁስል ይነሣል። ትዕይንቱ ለማሳቅ ታስቦ የቀረበ ነው፤ ነገር ግን ሁለት ነገሮችን በአንድ ጊዜ ያሳያል። አንደኛ፣ «በመጣ ቁጥር በቀላሉ ይታወቃል» የተባለው ዝርግ ገጸ ባሕርይ በገዛ ጓዱ አልታወቀም። ሁለተኛ፣ ግድ የለሽ መስሎን የነበረው ሰው መረሳት የሚያመው ሆኖ ተገኘ። በፎርስተር በራሱ መስፈርት ይህ የሚያሳምን መገረም ነው፤ ከቀድሞው ሺኖ ጋር አይጋጭም፤ ቀድሞም የነበረውን ግን ያላየነውን ይገልጣል።

አሌክስ ዎሎች እ.ኤ.አ. በ2003 ስለ ንዑሳን ገጸ ባሕርያት ባሳተመው ጥናት በአንድ ትረካ ውስጥ ያለው የትኩረት መጠን ውሱን መሆኑን፣ ገጸ ባሕርያትም ለዚያ ትኩረት እንደሚሻሙ ያስረዳል። ይህን አሳብ ወደ ሺኖ ስንመልሰው ጥያቄው ይለወጣል። «ይህ ገጸ ባሕርይ ለምን አልዳበረም?» ከማለት ይልቅ «ትኩረቱን ማን ወሰደበት?» ማለት እንጀምራለን። ናሩቶ ጮኾ ትኩረትን የሚያገኝ ልጅ ነው፤ የሥራው ማእከላዊ ታሪክም የተናቀ ልጅ እንዴት ታውቆ እንደተከበረ ነው። ከዚሁ ታሪክ ጎን ሳይጮኽ ያደገ፣ ስለዚህም ያልታየ ሌላ ልጅ መቆሙ ድንገተኛ አይመስለኝም። የናሩቶ ሕመም ያለመታወቅ ነበር፤ ያንኑ ሕመም ሳያስበው በሺኖ ላይ ይፈጽመዋል። ሳቁ ይህን ዕውነት ያለሰልሰዋል እንጂ አያጠፋውም።

የተመረጠና የተጫነ ዝምታ

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ከሒስ ሳይሆን ከማኅበራዊ ኑሯችን ይመጣል። ዝምታን ማድነቅ ዝም ማሰኘትን ማድነቅ እንዳይሆን ያሠጋል። በባህላችን «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» እየተባለ ልጆች፣ ሴቶችና ታናናሾች ከንግግር ሲገደቡ ኖረዋል። በሌላ ወገን ያው ሕዝብ «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ብሎ የዝምታን ኪሳራ መዝግቧል። ሁለቱ ምሳሌያዊ አነጋገሮች አይጋጩም፤ ስለ ሁለት ዓይነት ዝምታ ይናገራሉ። ችግሩ የትኛው ለማን እንደሚነገር ነው።

ስለዚህ አንድን ጭምት ገጸ ባሕርይ ስናነብ ሦስት ጥያቄዎችን እንድናነሣ አሳብ አቀርባለሁ። የመጀመሪያው ዝምታውን የሚሰብረው መቼ ነው የሚል ነው። ሺኖ የሚናገረው ሌላው ሰው ሊጎዳ ሲል ወይም እርሱ ራሱ ሲበደል ነው፤ ስለዚህ ዝምታው በእጁ ነው። ሁለተኛው የሚናገረው ሙሉ ነው ወይስ የተቆረጠ የሚል ነው። ሺኖ አሳቡን ከነምክንያቱ ይናገራል፤ ሂናታ ግን ጀምራ ታቋርጣለች። ሦስተኛው የዝምታውን ዋጋ የሚከፍለው ማን ነው የሚል ነው። ሂናታ ደካማ ናት ብሎ አባቷ ፊት የነሣት ልጅ ናት፤ ዝምታዋ ቤተሰቧ የጫነባት ዕዳ ነው፤ እርሱንም ለመጣል ረጅም መንገድ ተጉዛለች። ሺኖን ግን አባቱ ሺቢ የሚመስለው በጠባይ ነው፤ ዝምታው የቤቱ ወግ እንጂ ቅጣት አይደለም። የሂናታ ዕድገት መናገር መቻሏ ነው። የሺኖ ዕድገት ግን መናገርን መልመድ አይደለም፤ የሚያስፈልገው ሌሎች ማየትን እንዲለምዱ ነው። ሁለቱን በአንድ መድኃኒት ማከም ሁለቱንም አለማወቅ ነው።

ለእኛ የሚተርፈው

ይህ ክርክር ከአንድ የጃፓን ገጸ ባሕርይ አልፎ ወደ እኛ የሚመጣው በሦስት በኩል ነው።

የመጀመሪያው የሴሚናር ክፍላችን ነው። በድኅረ ምረቃ ትምህርት ተሳትፎ ነጥብ ይያዝበታል፤ ተሳትፎ ግን በአብዛኛው የሚለካው በድምፅ ነው። ፈርቶ ዝም ያለው ተማሪ ድጋፍ ያስፈልገዋል። አስቦ ዝም ያለው ተማሪ ደግሞ ጊዜ ያስፈልገዋል። ሁለቱንም እኩል ነጥብ መቀነስ ለሁለቱም የማይሆን ፍርድ ነው። ከውይይቱ በፊት በጽሑፍ የሚቀርብ ጥያቄን፣ ከውይይቱ በኋላ የሚቀርብ አጭር ምላሽን እንደ ተሳትፎ መቁጠር ብዙ ወጪ የማይጠይቅ መፍትሔ ነው። የጎጃም የቅኔ ትምህርት ቤት ትውፊትም ለዚህ አብነት ይሆናል። ተማሪው ቅኔውን ብቻውን ተቀምጦ ይቆጥራል፤ ከዚያ በመምህሩ ፊት ይቀርባል፤ ይዘርፋል። ዝምታውና ድምፁ በአንድ ሥርዐት ውስጥ እየተከታተሉ የሚመጡ ናቸው እንጂ አንዱ የሌላው ተቃራኒ አይደለም።

ሁለተኛው የራሳችን የልጆች ሥራዎች ናቸው። በብሩክታዊት ጥጋቡ መሥራችነት ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ የጀመረው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» በአሻንጉሊት ቀጭኔዋ በፀሐይ በኩል የማወቅ ጉጉትን አስተምሯል። ከዚያው ቤት የወጣው «ጥበብ ገርልስ» ደግሞ ልዩ ኃይል ያላቸውን ሦስት ልጃገረዶች በአኒሜሽን ይዞ ጎጂ ልማዶችን ተጋፍጧል። የሁለቱም አቅጣጫ ተገቢ ነው፤ መጠየቅና መቃወም የሚያስፈልጋቸው ልጆች ነበሩን፤ አሉንም። ወደፊት የሚሠሩ ሥራዎች ግን ከጠያቂዋ ልጅ ጎን ዝም ብላ የምታስተውለውንም ልጅ ቢያስቀምጡ ቤት ውስጥ የሚያየው ሌላው ልጅ ራሱን ያገኛል። እንዲህ ያለው ገጸ ባሕርይ መጨረሻ ላይ «ተፈውሶ» ተናጋሪ መሆን የለበትም። ጓደኞቹ ስሙን ማወቃቸው ይበቃል።

ሦስተኛው ምርምራችን ነው። በአማርኛ ልቦለዶችና ፊልሞች ውስጥ በር የሚከፍቱ፣ ቡና የሚያቀርቡ፣ መልእክት የሚያደርሱ፣ ሰምተው የሚወጡ ብዙ ገጸ ባሕርያት አሉ። ዝምታቸው የተመረጠ ይሁን የተጫነ ማንም አልጠየቃቸውም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከላይ ያቀረብኋቸው ሦስት ጥያቄዎች ለአንድ የማስተርስ ጥናት መነሻ ሊሆኑ ይችላሉ። ጥናቱ ዝምታቸውን «ጭምት»፣ «ዓይን አፋር»፣ «ቁጥብ»፣ «ድብቅ» እያለ ከለየ ከውጭ ከተወሰደ ምድብ ይልቅ ቋንቋው ራሱ ያበጀውን መለኪያ ይጠቀማል።

ሺኖ በኋለኛው ዘመን ታሪክ፣ «ቦሩቶ» በተባለው ተከታታይ ሥራ ውስጥ፣ የኒንጃ ትምህርት ቤት መምህር ሆኖ ይታያል፤ ከተማሪዎቹም አንዱ የናሩቶ ልጅ ነው። አባቱ ያላወቀውን ሰው ልጁ «መምህር» ብሎ ይጠራዋል። ከአካዳሚ ሰዎች ይልቅ ይህን በቅጡ ሊረዳ የሚችል አንባቢ የለም፤ ከመምህሮቻችን መካከል ብዙ ያስተማሩን ሁልጊዜ ብዙ የተናገሩት አልነበሩምና። ገጸ ባሕርያትን ስንመዝንም ሆነ ተማሪዎችን ስንመዝን፣ «ዝም ብሏል» የሚለው የምርመራችን መጀመሪያ እንጂ የፍርዳችን መጨረሻ ሊሆን አይገባም።